የጥድ ፍሬ የጥድ አይደለም

ኒውክሌር ሲባል የሚታሰበን ቦምብ፣ ጨረርና የኃይል ማመንጫ ነው። ቃሉ ያደገው ግን ጓዳ ውስጥ ነው። ላቲን ተናጋሪዎች ጠንካራ ቅርፊት ያለውን ፍሬ ሁሉ «ኑክስ» ይሉት ነበር። ቅርፊቱ ሲሰበር ለሚወጣው ውስጠኛው ፍሬ ደግሞ ማሳነሻ ቅጥያ ጨምረው «ኑክሌዉስ» አሉት። በአፒኪዩስ ስም በደረሰን የሮማውያን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይህ ቃል በብዙ ቁጥር፣ ያለ ሌላ ገላጭ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው አንድ የታወቀ ነገር ነው፤ ከፓይን ዛፍ እንጨታማ መያዣ፣ ከኮኑ፣ ተፈልፍሎ የሚወጣውን፣ የዝሆን ጥርስ መልክ ያለውን፣ ሾል ያለ ቅባታም ዘር። የሮማ ወጥ ሠሪ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከማርና ከተብላላ የዓሣ ፈሳሽ ጋር ወቅጦ ስጎ ያደርገው ነበር። ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 ሮበርት ብራውን የእጽዋት ሕዋስ መሐል ላይ ላየው ክብ ነገር፣ በ1912 ደግሞ ኧርነስት ራዘርፎርድ ለአቶም እምብርት ስም ሲፈልጉ ያነሡት ይህንኑ የጓዳ ቃል ነበር።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የዚህን ዘር ስም ግን ያወጡት ለቃሚዎች፣ ነጋዴዎችና ወጥ ሠሪዎች ናቸው፤ ያወጡለትም አንድ ስም ብቻ አይደለም። ስሞቹ ሲመረመሩ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ስለ ዘሩ ስለ ራሱ የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት ስለ መያዣው፣ ስለ ዛፉ ሙጫ ወይም ስለሚመስለው ሌላ ፍሬ ይናገራሉ። በአማርኛ ደግሞ በትርጉም ሥራዎች «የጥድ ፍሬ» ወይም «የጥድ ለውዝ» እየተባለ ይገኛል። ከእነዚህ ሦስት ቃላት በእጽዋት ሳይንስ ዐይን የሚያልፍ አንድም የለም፤ ጥድም፣ ፍሬም፣ ለውዝም አይደለም።

ከፍሬው እንጀምር። ፍሬ የሚባለው ከአበባ የሚያድገው፣ ዘርን በውስጡ ሸፍኖ የሚይዘው አካል ነው። ፓይን አበባ የለውም። ዘሩ በኮኑ ቅርፊቶች ላይ ያለ ልብስ ተቀምጦ ያድጋል። የእጽዋት አጥኚዎች ይህን ዓይነቱን ተክል «ጂምኖስፐርም» ያሉት ለዚህ ነው፤ «ጂምኖስ» በግሪክ ራቁት፣ «ስፐርማ» ዘር ማለት ነው። የግሪክ ጎረምሶች ራቁታቸውን ሰውነታቸውን ያሠለጥኑበት የነበረው «ጂምናዚየም» የወጣው ከዚሁ «ጂምኖስ» ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ የምናነበው «ጂም» የእሱ ቁራጭ ነው። በመዶሻ የምንሰብረው ጠንካራ ሽፋን እንግዲህ የፍሬ ቅርፊት ሳይሆን የዘሩ የገዛ ካባ ነው። ውስጡ ያለው ነጭ ሥጋ ደግሞ ለጽንሱ ማቆጥቆጫ የተዘጋጀ ስንቅ ነው። ያን ያህል ቅባትና ፕሮቲን የተከማቸበትም ስንቅ ስለሆነ ነው።

«ለውዝ» የሚለው ቃል ታሪክም የፍሬ ስሞች እንዴት እንደሚንሸራተቱ ያሳያል። ቃሉ በዐረብኛ አልመንድ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ስም ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ለምልማ ያፈራችው ለውዝም ይኸው ነው። በከተማ ሱቆች ግን «ለውዝ» ማለት ኦቾሎኒ ነው፤ «የለውዝ ቅቤ» የሚባለውም ከኦቾሎኒ የሚሠራው ነው። ኦቾሎኒ ከዛፍ የሚለቀም አይደለም፤ የባቄላና የአተር ዘመድ ሆኖ ከአፈር ውስጥ ተቆፍሮ ይወጣል። ተናጋሪው ሕዝብ በዚህ ግር አይለውም። የሚቆረጠም፣ ቅባት ያለው፣ በጭብጥ የሚያዝ ከሆነ ለውዝ ነው። ላቲኖችም «ኑክስ»ን የተጠቀሙበት በዚህ መንፈስ ነበር።

ግሪኮች ዐይናቸውን ያሳረፉት በመያዣው ላይ ነው። ለዚህ እንጨታማ፣ ቅርፊት በቅርፊት ላይ ለተደራረበበት መያዣ ሁለት ስም ነበራቸው። አንደኛው «ኮኖስ» ነው። ኮኖስ የፓይኑ መያዣም፣ በሒሳብ ሾጣጣ የምንለው ቅርጽም ስም ሆኖ አገልግሏል። ከላቲኑ «ተሸካሚ» ጋር ተጣምሮ «ኮኒፈር»ን ሰጥቷል፤ ኮን የሚሸከም ዛፍ። አይስክሬም የሚቀዳበት ኮንም ከዚያው የመጣ ነው። የ2ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ጋሌን አንጎል ውስጥ ያለችውን ትንሽ እጢ በቅርጿ የተነሣ «ኮናሪዮን» ብሎ ጠራት፤ ትንሿ ኮን እንደ ማለት። ላቲኖቹ ስሙን ወደ ራሳቸው ዛፍ መልሰው «ፒኒያሊስ» አሉት። የእንቅልፍን ሰዓት የሚመራው ሜላቶኒን የሚመነጨው ከዚህች እጢ ነው።

ሁለተኛው የግሪክ ስም «ስትሮቢሎስ» ይበልጥ ረቂቅ ነው። መሠረቱ መዞርንና መሽከርከርን ያመለክታል። አውሎ ነፋስም፣ የሚሽከረከር ማንኛውም ነገርም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ኮን እጁ ላይ የወደቀ ሰው ከግርጌው አዙሮ ቢመለከት ስሙ ለምን እንደ ተሰጠው ወዲያው ይገባዋል። ቅርፊቶቹ በዘፈቀደ የተደረደሩ አይደሉም። በአንድ አቅጣጫ ሲቆጠሩ ብዙውን ጊዜ 8፣ በሌላው አቅጣጫ ሲቆጠሩ 13 ጥምዝ መስመሮች ይወጣቸዋል። ሁለቱም ቁጥሮች በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የፊቦናቺ ከሚባለው ተርታ ናቸው። የግሪክ እረኛ ስለ ተርታው አያውቅም፤ ጥምዝምዙን ግን አይቶ ስም አውጥቶለታል።

ይህ ቃል ወደ ዕብራይስጥም ተሻግሯል። በ200 ዓ.ም. ገደማ በተጠናቀረው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በሚሽና፣ አይሁድ ለጣዖት አምላኪዎች እንዳይሸጡ ከተከለከሉ ነገሮች መካከል «ኢጽጥሩባሊን» ይገኛል። በዕብራይስጥ ፊደል የለበሰው ያው ስትሮቢሎስ ነው። ክልከላው ኮኑ በጣዖት ቤቶች ለአምልኮ ያገለግል እንደ ነበር ይጠቁማል። በዛሬው የእስራኤል ቋንቋ «ኢጽጥሩባል» ያለ ምንም የአምልኮ ጠረን የፓይን ኮን ስም ሆኖ ቀርቷል።

ላቲኑ «ፒኑስ» ሌላ መንገድ ሄደ። ብዙ የሥርወ ቃል ሊቃውንት ይህን ስም መስባትን፣ መወፈርንና በቅባት መሞላትን ከሚያመለክት ጥንታዊ የኢንዶ አውሮፓ ሥር ያያይዙታል። በሳንስክሪት «ፒቱዳሩ» የሚባል ዛፍ አለ፤ «ዳሩ» እንጨት ስለሆነ ቅባታም እንጨት ይሆናል። ግሪኮች ለዛፉ ለራሱ ያላቸው ስም «ፒቲስ» ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራል። የእንግሊዝኛው «ፋት»፣ ስብ ማለት፣ የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው። አየርላንድ የምትጠራበት የጥንት ስምም ለም ምድር፣ የሰባች አገር ከሚል ሐሳብ የወጣ እንደ ሆነ ይነገራል። ላቲኖች ንፍጥና አክታን «ፒቱዊታ» ያሉትም ከዚያው ነው፤ ከዚህ «ፒቱዊተሪ» የተባለው የአንጎል እጢ ስሙን አግኝቷል። ስለዚህ ፒኒያልና ፒቱዊተሪ አንጎል ውስጥ ጎረቤት ብቻ ሳይሆኑ በስምም ዘመዳሞች ናቸው።

የጥንቱ ሰው ይህን ስም ያወጣው ከግንዱ የሚንጠባጠበውን ሙጫ አይቶ እንጂ ዘሩን መዝኖ አልነበረም። ሆኖም የምግብ ሰንጠረዥ ሲታይ ስሙ ለዘሩም ያስኬዳል። ገበያ ላይ ከሚገኘው ደረቅና የተፈለፈለ የፓይን ዘር 100 ግራሙ 68 ግራም ገደማ ቅባት አለው። በአገራችን በዘይትነቱ የታወቀው ሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ብቻ ዘይት መሆኑን ስናስብ ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባናል። ፕሮቲኑ 14 ግራም፣ ካርቦሃይድሬቱ 13 ግራም፣ ውኃው 2 ግራም ገደማ ነው። ጉልበቱ 673 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 10 ግራም ያህል፣ ወደ 67 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል ማለት ነው። ሰላጣ ወይም ሩዝ ላይ ጥቂት ብቻ የሚነሰነሰው በውድነቱ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ጥቂቱም ይበቃል።

ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ በርካታ ጥንድ ትስስር ካላቸው፣ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆነው ከሚቆዩት የዘይት ዓይነቶች ነው። የሚረጋው ስብ ከ100 ግራም 5 ግራም አይሞላም። ከማዕድናቱ ጎልቶ የሚታየው ማንጋኒዝ ነው፤ በ28 ግራም፣ አንድ ጭብጥ በሚሆነው መጠን፣ 2.5 ሚሊ ግራም ገደማ ይገኛል። ይህ ለአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት ይበቃል። በዚያው ጭብጥ ውስጥ 70 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዥየምና 1.8 ሚሊ ግራም ያህል ዚንክ አለ። ቫይታሚን ኢም በብዛት ይገኝበታል። ይሁንና ያ ፈሳሽ ዘይት መዘዝም አለው። ከቅርፊቱ የወጣ ዘር አየርና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ ጣዕሙ ይጎመዝዛል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ከነቅርፊቱ ከሆነ ግን ብዙ ይቆያል።

ኬሚስቶች በዚህ ዘይት ውስጥ ላገኙት አንድ ልዩ አሲድ ስም ሲያወጡ የላቲኑን ዛፍ ጠሩ፤ «ፒኖሌኒክ አሲድ»። ስሙ የተቀረጸው ቀድሞ በነበረው «ሊኖሌኒክ» አምሳል ነው። በሊኖሌኒክ ውስጥ ያለው «ሊኑም» ተልባ፣ «ኦሌዉም» ዘይት ነው። ተልባው ወጥቶ ፓይን ገባ። አስገራሚው ግን ይህ አሲድ በሳይቤሪያና በኮርያ ፓይኖች ዘይት ውስጥ ከመቶ 14 እስከ 19 ገደማ ሲይዝ፣ ላቲኖች «ፒኑስ» ሲሉ ዐይናቸው በነበረበት በሜዲትራኒያኑ ዛፍ ውስጥ ከመቶ 1 እንኳ አለመሙላቱ ነው። ስሙን የሰጠው ዛፍና ነገሩ ያለበት ዛፍ ተለያይተዋል።

ያ የሜዲትራኒያን ዛፍ የእጽዋት ሊቁ ሊኔየስ በ1753 «ፒኑስ ፒኔያ» ብሎ የመዘገበው፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ነው። ኮኑ የሚበስለው በሦስተኛው ዓመት ስለሆነ በአንድ ዛፍ ላይ የሦስት ዓመት ትውልድ በአንድ ጊዜ ይገኛል። ሲበስልም ወዲያው አይከፈትም። ቅርፊቱ ሁለት ዓይነት ድርብ አለው፤ ሲደርቅ ውጫዊው ድርብ ከውስጠኛው ይልቅ ስለሚኮማተር ቅርፊቱ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ሲርስ ተመልሶ ይዘጋል። ለቃሚዎች ኮኑን በመንጠቆ አውርደው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ዘሩ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ጣትን በሚያጠቁር ጥቀርሻ መሳይ ዱቄት የተሸፈነ ነው። የዚህ ዝርያ ፕሮቲን ከመቶ 30 ገደማ ስለሚደርስ ከላይ ካለው አማካይ ቁጥር በእጅጉ ይበልጣል፤ ቅባቱም በዚያው ልክ ያንሳል።

ከላቲኑ የተወለዱት የአውሮፓ ስሞች ብዙ ናቸው። ጣሊያን «ፒኖሎ»፣ ፈረንሳይ «ፒኞን»፣ ስፔን «ፒኞን» ይላሉ። በጄኖቫ ከባሲል ቅጠል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከአይብና ከወይራ ዘይት ጋር ተወቅጦ «ፔስቶ» ይሆናል፤ ፔስቶ ራሱ የተወቀጠ ማለት ነው። የጥንቷ ሮማ ኮኑን በነሐስ አስቀርጻ ነበር፤ 4 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ይህ ሥራ ዛሬም በቫቲካን ግቢ ቆሞ ይታያል፤ ከከተማዋ ሰፈሮች አንዱ «ፒኛ» የሚባለውም በእሱ ነው። «ፒኖ» የሚባለው የወይን ዓይነት ዘለላው ኮን ስለሚመስል ስሙን ያገኘ ነው። በ1881 ካርሎ ኮሎዲ በልጆች ጋዜጣ ላይ ለጀመረው ታሪክ፣ አፍንጫው ለሚረዝመው የእንጨት ልጅ «ፒኖኪዮ» የሚል ስም ሰጠው። በቶስካና ሰዎች አነጋገር ፒኖኪዮ የፓይን ዘር ነው።

ከሁሉም ሩቅ የተጓዘው የስፔኑ የኮን ስም «ፒኛ» ነው። ስፔናውያን አሜሪካ ደርሰው አንድ ቅርፊታም ጣፋጭ ፍሬ ባዩ ጊዜ የአገራቸው ኮን ትዝ አላቸውና ፒኛ አሉት። እንግሊዞችም ቀድሞ የፓይን ኮንን ይጠሩበት የነበረውን «ፓይንአፕል» በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ ፍሬ አዛወሩት። ሌላው ዓለም ግን ከደቡብ አሜሪካ የቱፒ ጓራኒ ተናጋሪዎች የተወሰደውን ስም መረጠ። ዐረብኛም፣ ፈረንሳይኛም፣ አማርኛም ከዚህኛው ወገን ሆኑ፤ እኛ «አናናስ» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዐረቡ ዓለም የዛፉም የዘሩም ስም «ጸነውበር» ነው። ይህም ቃል እንደ ግሪኩ ኮኖስ ከምግብ ወደ ቅርጽ ተሻግሯል። ኢማም አል ገዛሊ በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ስለ ልብ ሲጽፉ መንፈሳዊውን ልብ ከሥጋዊው የለዩት ሥጋዊውን «ቅርጹ ጸነውበራዊ» ብለው ነው። ፒኒያል እጢም በዐረብኛ ጸነውበራዊት እጢ ትባላለች። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አትክልት ሥፍራዎችና ስለ አበቦች በመግጠሙ የታወቀው የሶርያ ባለቅኔ በታሪክ የሚጠራው «አስ ጸነውበሪ» በሚል ስም ነው።

የሊባኖስ ሰው ቃሉን አሳጥሮ «ስኖበር» ይለዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ዘር ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። በቤይሩት ወጥ ቤቶች የሠሩ እኅቶቻችን ስኖበር በቅቤ ወይም በዘይት ቀላ እስኪል ብቻ መጠበስ እንዳለበት፣ ለአፍታ ዐይን ቢነሣለት እንደሚያር ያውቃሉ። ቅባት የበዛበት ትንሽ ነገር እሳት ላይ አይታመንም። ከተፈጨ ሥጋ ጋር ኪቤ በሚባለው ምግብ ውስጥ ይገባል፤ ከተጠበሰ አልመንድ ጋር ሩዝ ላይ ይነሰነሳል። በደቡብ ሊባኖስ የብካሲን የፓይን ደን ለዚህ ምርት የታወቀ ነው። በእስራኤል የሚኖሩት ወገኖቻችንም ቃሉን ከዐረብኛ በተወሰደ መልኩ «ጽኖበር» ሲባል ይሰማሉ። እዚያ መያዣውና ዘሩ ከሁለት ቋንቋ ስም ወስደዋል፤ ኮኑ ኢጽጥሩባል ከግሪክ፣ ዘሩ ጽኖበር ከዐረብኛ።

ከጎረቤት ስም የተዋሱም አሉ። ቱርኮች «ቻም ፍስትዕ» ይላሉ፤ የፓይን ፒስታሽዮ ማለት ነው። ዶልማ ለሚባለው ምግብ መሙያ ስለሚሆንም የዶልማ ፒስታሽዮ ይሉታል። ሩሲያውያን «የሴዳር ለውዝ» ብለው ይጠሩታል፤ የሚለቅሙት ግን ከሴዳር ሳይሆን ከሳይቤሪያ ፓይን ነው። በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን ተራሮች የሚለቀመው ረጅምና ቀጭኑ ዝርያ «ቺልጎዛ» ይባላል፤ ብዙዎች ከፋርስኛው «ቼሄል»፣ አርባ፣ ጋር አያይዘው በአንድ ኮን አርባ ፍሬ ብለው ይፈቱታል። ቻይናውያን «ሶንግዚ» ይላሉ፤ «ሶንግ» ፓይን ነው፤ «ዚ» ዘርም ልጅም ማለት ነው። ከቆጠርናቸው ስሞች ሁሉ ነገሩን ዘር ብሎ የጠራው የቻይናው ነው፤ የእጽዋት ሳይንስም የሚፈርደው ለእሱ ነው።

ስም ከገበያ ሲወጣ አንድ አደጋ አለው፤ በአንድ ስም ብዙ ነገር ይሸጣል። በዓለም ላይ ከ100 በላይ የፓይን ዝርያ አለ። ለመብላት የሚመቹ ትልልቅ ዘር ያላቸው ግን ጥቂት ደርዘን አይሆኑም። ከእነዚህም መካከል ልዩነቱ በዐይን ይታያል፤ የሜዲትራኒያኑ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ የኮርያው አጭርና በአንድ ጫፉ ወፍራም፣ የቺልጎዛው ከሁሉም ረጅም ነው። እሽጉ ላይ ግን የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንድ ስም ብቻ ነው። ከ2000ዎቹ ወዲህ በብዙ አገር ሰዎች ይህን ዘር በበሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማንኛውም የቀመሱት ነገር መራራና የብረት ጣዕም ያለው እየሆነባቸው ተቸገሩ፤ ስሜቱ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ምርመራው በተለይ «ፒኑስ አርማንዲ» ወደሚባለው የቻይና ነጭ ፓይን አመለከተ። ዝርያው ስሙን ያገኘው ቻይና ውስጥ እጽዋትና እንስሳት ከሰበሰቡት ፈረንሳዊው ቄስ አርማን ዳቪድ ነው። ከጥሩው ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ስም ሲሸጥ ገዢው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። የስም ጉዳይ የቋንቋ ሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል።

አሁን ወደ ጥድ እንምጣ። በግዕዝ «ጽሕድ»፣ በትግርኛ «ጽሕዲ»፣ በአማርኛ «ጽድ» ወይም «ጥድ» ይባላል። የድምፁ ጉዞ የታወቀ ነው። የግዕዙ ጸ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ጠ ይሆናል፤ ሐ ደግሞ ይዋጣል። «ጽሕም» የሚለው «ጢም» እንደ ሆነው ሁሉ «ጽሕድ»ም «ጥድ» ሆነ። ቃሉ የሚያመለክተውን ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድና በመናገሻ ሱባ ደን እናየዋለን፤ ምስጥ የማይደፍረው፣ ለቤት ምሰሶና ለአጥር የሚመረጠው የሐበሻ ጥድ ነው። ሳይንሱ «ጁኒፐሩስ ፕሮሴራ» ይለዋል። ጁኒፐር እንጂ ፓይን አይደለም።

ጥድም በወጉ ኮን አለው። ግን የኮኑ ቅርፊቶች ተዋሕደው ሥጋ ስለ ለበሱ ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰማያዊ ጥቁር ኳስ ይሆናል። ተፈልፍሎ የሚቆረጠም ነገር የለውም። የአውሮፓ ዘመዱ ፍሬ ለመጠጥ ማጣፈጫ ይሆናል፤ «ጂን» የሚለው ስም በሆላንድኛው «የኔፈር» በኩል ከ«ጁኒፐሩስ» የመጣ ነው። «የጥድ ፍሬ» የሚለው የአማርኛ ሐረግ እንግዲህ ባለቤት አለው። የጂን አሠራር የሚተረጉም ሰው ሊጠቀምበት የሚገባው ይህንኑ ነው። ለፓይን ዘር ከሰጠነው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን፣ አንዱ ቅባትና ፕሮቲን፣ ሌላው የሚሰነፍጥ ቅመም፣ በአንድ ስም እናስራለን።

መደበላለቁ ለምን እንደ መጣ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅል ፓይን የለም። ይህ የዛፍ ቤተሰብ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ልጅ ነው፤ ከዝርያዎቹ የምድር ወገብን በተፈጥሮ የተሻገረው የሱማትራው ብቻ ነው። ወደ እኛ የመጡት እንደ ፓቱላና ራዲያታ ያሉት ለጣውላ የተተከሉ ናቸው፤ ዘራቸውም ደቃቅ ስለሆነ አይበላም። አማርኛ ለመጤ ዛፍ ስም ሲያወጣ ወይ የመጣበትን ይናገራል፣ እንደ ባሕር ዛፍ፤ ወይ ከአገሬው ዛፍ ጋር ያዛምደዋል፣ ከሜክሲኮ የመጣውን ሳይፕረስ «የፈረንጅ ጥድ» እንዳለው። መርፌ መሳይ ቅጠል ያለው ሁሉ ጥድ የተባለው በዚሁ ልማድ ነው።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። የግሪኩ «ኬድሮስ» ቀድሞ ጁኒፐርንም ይጨምር ነበር፤ ሴዳርን ብቻ እንዲያመለክት የሆነው ኋላ ነው። አውሮፓውያን የእኛን ጥድ ለእርሳስ መሥሪያ ስለሚመች «የአፍሪካ እርሳስ ሴዳር» ብለውታል። ግዕዝ የሊባኖሱን ዛፍ በትክክለኛ ሴማዊ ስሙ «አርዝ» ብሎ ጠብቆት ሳለ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ዝግባ» አለው፤ የእኛ ዝግባ ግን ከሴዳር ጋር የቅርብ ዝምድና የሌለው ሌላ ዛፍ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደስ በምን እንጨት እንደ ሠራ ለመረዳት ይህ ብዙ አይጎዳም፤ አንባቢው የሚፈልገው ግዙፍና የከበረ ዛፍ መሆኑን ነው። በሚበላ ነገር ግን እንዲህ ያለው ይሁንታ አያስኬድም።

ስለዚህ ለዚህ ዘር በአማርኛ አንድ ስም መምረጥ ካለብን የእኔ ድምፅ ለ«ስኖበር» ነው። ሩዝን፣ ብርቱካንን፣ ለውዝን የተቀበልንበት የዐረብኛ መንገድ ለምላሳችን የተለመደ ነው። ቃሉ በቤይሩት በሠሩ ወገኖቻችን አፍ ቀድሞ ገብቷል፤ በዕብራይስጥ የሚያውቁትም ሲሰሙት አይስቱትም። ከሁሉም በላይ የሌላ ዛፍ ስም አይነጥቅም። አስመጪው እሽግ ላይ ሲጽፍ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያው ሰንጠረዥ ሲያወጣ ዝርያውን ቢያክልበት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የሜዲትራኒያን ስኖበር፣ የኮርያ ስኖበር፣ የሳይቤሪያ ስኖበር። የመጀመሪያው በፕሮቲን፣ ሁለቱ በፒኖሌኒክ አሲድ ስለሚለዩ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣበትን ነገር ለይቶ ያውቃል። ተርጓሚም ከእንግሊዝኛ የምግብ መጽሐፍ ሲገለብጥ «የጥድ ፍሬ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ እየሠራ ያለው ፔስቶ ነው ወይስ ጂን?